ከእጅ በኋላ ሩብ ዙር

ሦስተኛው የልስን ቁራጭ ወለሉን ስቶ ድስቱ ውስጥ ገባ።

ዳሪና የእትዬ ዝላትካ ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ በዓይኗ አየችው። ድስቱ የዋዛ ድስት አይደለም፤ በሬ ቢገባበት ቀንዱ አይታይም። ውስጡ ከማለዳ ጀምሮ የተጠበሰ፣ የተላጠና የተፈጨ ቀይ ቃሪያ ከቲማቲም ጋር ይንተከተካል። ሩሴ ከተማ ውስጥ፣ በዚያ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ፣ መስከረም ላይ ሉቴኒትሳ የማያበስል ሰው ከተገኘ ወይ ሞቷል ወይ ጀርመን ሄዷል። ክረምቱን ሙሉ ዳቦ ላይ የሚቀባው እሱ ነው። አሁን ግን የእትዬ ዝላትካ ክረምት መሐሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ልስን እንደ ደሴት ተንሳፍፎበታል። ከላይ ደግሞ ውሃው ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

እትዬ ዝላትካ ማማሰያቸውን እንደያዙ ጣራውን አዩ፤ ከዚያ ዳሪናን አዩ። የሕንፃው ተጠሪ ናቸው። መግቢያው በር ላይ ማስታወቂያ የሚለጥፉት፣ ደረጃ ላይ ብስክሌት ያቆመውን የሚገሥጹት፣ ማን ከማን ጋር በስንት ሰዓት እንደገባ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

«እናትሽ የት አለች?»

«ሥራ ላይ ናት። እስኪመሽ ትነዳለች።» የዳሪና እናት ኢስክራ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ሾፌር ናት።

«ቤት ውስጥስ ማን አለ?»

«ማንም። እኔም ከወንዝ ዳር አሁን መምጣቴ ነው።»

«እንግዲህ የሚፈሰው ከእናንተ ወጥ ቤት ነው። ረቡዕ ዕለት ጋሽ ስፓስ አዲስ ቧንቧ የገጠሙላችሁ አይደል?»

ዳሪና አፏን ከፈተች። ለመናገር የሚበቃ ጊዜ ነበራት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ተናግሮ ሊተርፈው ይችላል።

«አዎ» አለች። «ረቡዕ ነው የገጠሙት።»

ከቃሏ ውስጥ አንዲት ውሸት አልነበረችም። ዳሪና በትምህርት ቤት ወሬ በማሳመር የታወቀች ናት፤ ከዳኑብ የያዘችው ዓሣ በየእረፍቱ እያደገ ሄዶ፣ ዓርብ ላይ ጀልባ መጎተት ጀምሮ ነበር። ያ ሁሉ ሲወራ ጆሮዋ እንኳ አልቀላም። አሁን ግን እውነት ተናግራ ፊቷ እንደ ቃሪያው ቀላ።

ተከታትለው ወደ አራተኛ ፎቅ ወጡ። በሩን ሲከፍቱ ውሃው እንደ ባለቤት ተቀበላቸው። የእናቷ ነጠላ ጫማ ኮሪደሩን ብቻውን እየቀዘፈ ወደ መኝታ ቤት ይሄዳል። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ እባብ ያለ ይመስል ሽሽሽ ይላል።

ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሁለት ትንንሽ ቫልቮች አሉ፤ አንዱ የሙቁ፣ አንዱ የቀዝቃዛው። በሁለት ጣት ጠምዘዝ ቢደረጉ ነገሩ ያበቃል። ጋሽ ስፓስ ረቡዕ ዕለት አሳይተዋት ነበር፦ «ቤት ጥለሽ ስትሄጂ እነዚህን ትዘጊያለሽ፤ ቧንቧ ሲፈነዳም መጀመሪያ እነዚህን።» ግን በዚያ ሕንፃ ውሃ ሲፈስ ትንሿን ቫልቭ የሚያስብ ሰው የለም። እናቶቻቸው እንዳደረጉት ያደርጋሉ፤ ዳሪናም በድንጋጤ ቫልቮቹን ረሳች። እትዬ ዝላትካ ደረጃው ላይ ወጡና ወደ ታች ተጣሩ።

«ጋሽ ስፓስ፤ ዝጉት፤ ጎርፍ ነው።»

የምድር ቤቱ ቁልፍ ያለው ጋሽ ስፓስ ጋ ነው። የሕንፃው ሁሉ ውሃ የሚዘጋበት ትልቁ ቫልቭ እዚያ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቁልፉን በጫማ ክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ኖረዋል፤ ሲታጠቡም አያወልቁትም ይባላል፤ ያገኙትን ሁሉ ጨምረው የሚያወሩ ጎረቤቶች ደግሞ አብሯቸው የተወለደ ነው ይላሉ። ድሮ መርከብ በሚሠራበት ፋብሪካ የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። ፀደይ ላይ ግን ደም ግፊት ጣላቸው፤ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ለቧንቧ የጠራቸው ሰው አልነበረም። ረቡዕ ዕለት ኢስክራ ስትጠራቸው የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ነው የመጡት።

ሽሽሽታው ሞተ። ትልቁ ቫልቭ ተዘግቷል ማለት ነው። ከዚያ ቀስ እያለ የሚወጣ እርምጃ ተሰማ፤ በየፎቁ ያርፋል። ዳሪና እያንዳንዱን እርምጃ ቆጠረች፤ መቁጠር አልፈለገችም፤ ጆሮዋ ራሱ ቆጠረ።

ጠዋት ያደረገችውን አሁን በደንብ ታያለች።

ረቡዕ ማታ፣ ጋሽ ስፓስ ከሄዱ በኋላ፣ እናቷ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ከሥሩ ተመለከተችና ምላሷን ጠቅ አደረገች። «ቃጫ አላደረጉበትም። ሰውዬው ረስተውታል። ምስኪን፣ አበቃላቸው።» በሩሴ ሰው ዘንድ ያለ ቃጫ የተገጠመ ቧንቧ ያለ ካህን እንደተፈጸመ ጋብቻ ነው። የብረቱ ጥርስ ላይ ቃጫ ይጠመጠማል፣ ቅባት ይቀባል፣ ከዚያ በመፍቻ ይጠበቃል። ዳሪና ይህን የተማረችው ከማንም አይደለም፤ ከራሳቸው ከጋሽ ስፓስ ነው። ስድስት ዓመቷ ሳለ ደረጃው ላይ አስቀምጠው ይነግሯት ነበር፦ አንድ የጭነት መርከብ ሆዱ ተቀዶ ሊሰምጥ ሲል፣ ስፓስ በአንድ ጥቅል ቃጫና በአንድ ጠርሙስ ራኪያ እስከ ሮማኒያ ዳርቻ አደረሱት። ራኪያውን የጠጣው ማን እንደሆነ ግን አይናገሩም።

ረቡዕ ዕለት ሲገጥሙ ምክንያቱን ነግረዋት ነበር። ስልኳን እያየች ግማሹን ሰማች። «ይሄ ተጣጣፊ ቱቦ ነው፤ ቃጫ አይወድም። አፉ ውስጥ የጎማ ቀለበት አለው፤ ውሃውን የሚይዘው ጎማው ነው እንጂ ጥርሱ አይደለም። በእጅሽ እስኪቆም ታዞሪዋለሽ። ከእጅ በኋላ በመፍቻ ሩብ ዙር። ሩብ ብቻ። ከዚያ ደረቅ ሶፍት ከሥሩ ታነጥፊና ትጠብቂያለሽ፤ ካልረጠበ ሥራሽ አልቋል።»

ዛሬ ጠዋት ብቻዋን ስትሆን፣ «ስማቸውን ላድን» አለች ለራሷ። ይህ ግማሹ እውነት ነበር። ሌላው ግማሽ ደግሞ ራዶ ነው። ራዶ የክፍል ጓደኛዋና የዚያው ሕንፃ ልጅ ነው፤ ምድር ላይ የሚያደንቀው ነገር ጥቂት ነው። ቫልቩን ዘጋች፤ ቱቦውን ፈታች፤ ከአባቷ የቀረውን የመሣሪያ ሣጥን ከፍታ ቃጫ ጠመጠመች፤ በትልቁ መፍቻ፣ በሁለት እጇ፣ እግሯን ግድግዳው ላይ ደግፋ አጠበቀችው። አንድ ሙሉ ዙር። ለማንኛውም አንድ ተጨማሪ። የቱቦው አፍ ነሐስ «ቀጭ» አለ። ጠበቀ ማለት ነው ብላ አሰበች። ቫልቩን ከፈተች፤ ጠብታ የለም። ቃጫ የያዘ እጇን ፎቶ አንስታ ለራዶ ላከችለት፦ «ስፓስ የረሱትን አረምኩላቸው።» ከዚያ ወንዝ ዳር ሄደች።

ጋሽ ስፓስ ገቡ። ማንንም ሰላም ሳይሉ ጫማቸውን አወለቁ፤ ውሃው ውስጥ ተንበረከኩ፤ እጃቸውን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሰደዱ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቱቦውን ሲይዝ ግን ጸጥ አለ። ዳሪና ከኋላቸው ቆማ አየች። ከቱቦው አፍ ዙሪያ ቃጫው እንደ ፍየል ጢም ወጥቶ ይታያል። ነሐሱ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ።

ጋሽ ስፓስ የቃጫውን ጢም አዩት። በጣታቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ አንገታቸውን ዘወር አድርገው ዳሪናን ተመለከቱ። እሷ የረጠበ ካልሲዋን አየች።

«ምንድነው እሱ?» አሉ እትዬ ዝላትካ ከኮሪደሩ።

«ነሐሱ ተሰንጥቋል።»

«ምን ሰነጠቀው?»

«ከልክ በላይ ጠብቆ ነው።»

«ማን ነው እንደዚያ ያጠበቀው?»

ሽማግሌው ቱቦውን ፈቱ፤ ጠቀለሉት፤ ጃኬታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ኪሱ ረጠበ።

«የገጠምኩት እኔ ነኝ» አሉ።

እትዬ ዝላትካ ሊጮኹ አስበው የነበረ ይመስላል፤ ግን ድምፃቸው ወረደ። ያ ከጩኸት የባሰ ነበር። «ጋሽ ስፓስ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ግን እጅዎ…»

«አውቃለሁ። ያንቺ ሉቴኒትሳም ተበላሸ።»

«ድስቱ ይቅር። ቁልፉን ነው የምለው። አንድ ቀን ትልቁ ቫልቭ ጋ ሄደው እንዲህ ቢሆኑስ? ሕንፃው ሁሉ ነው እኮ።»

ጋሽ ስፓስ እጃቸውን ሳያስቡት ወደ አንገታቸው ሰደዱ። ባዶ እግራቸውን ወጡ፤ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፤ ደረጃው ላይ የእግራቸው ዱካ እርጥብ ሆኖ ቀረ።

ዳሪና ውሃውን ስትጨልፍ ዋለች። ባልዲ በባልዲ፣ ጨርቅ በጨርቅ። ያን ቀን ከዚያ ወጥ ቤት የወጣው ውሃ ዳኑብን በአንድ ጣት ከፍ አድርጎታል ብትባሉ እመኑ። ራዶ ሲደርስ ጉልበቷ ድረስ ረጥባ ነበር።

«በናትሽ ፊትሽን አስተካክይው፤ ሰው የሞተ ይመስላል» አለ በሩ ላይ ተደግፎ። «ሰማሁ። እሳቸው ላይ ነው የወደቀው አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ላሽ በይዋ። ፎቶውን አጥፍቼዋለሁ። ከኔና ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም።»

«እሳቸው ያውቃሉ።»

«ማ? ስፓስ?» ራዶ ቀና አለ። «እና ምንም አላሉም? አቦ፣ በጣም አሪፍ ሰውዬ ናቸው።»

«አንተ ግን ሰው ነህ?»

«ምን አልኩ? ራሳቸው ካሉ አለቀ። ከፈለግሽ ሌላ ወሬ ፍጠሪ፤ ቱቦው የቻይና ነው በይ። አንቺ እኮ ዓሣ ጀልባ እንዲጎትት ያደረግሽ ልጅ ነሽ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ባልዲውን አነሳችና «መንገድ ልቀቅ» አለችው።

እናቷ አመሻሽ ላይ ስትመጣ አልተቆጣችም። የረጠበውን ምንጣፍ በረንዳ ላይ አሰጣች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ የሾፌር ኮፍያዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «አሳዝነውኝ ነው የጠራኋቸው። ትንሽ እንኳ እንደ ሰው ይቆጠሩ ብዬ። ይኸው ሰው ፊት አዋረድኳቸው።»

ዳሪና ዳቦውን እየቆረጠች ነበር። ቢላዋው ቆመ። «እማ» አለች።

«እ?»

«ጨው የለም» አለች ዳሪና። ጨው ጠረጴዛው ላይ፣ ከክርኗ አጠገብ ነበር። እናቷ ጨዉን ገፋ አደረገችላት።

እሁድ ጠዋት መግቢያው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፤ የእትዬ ዝላትካ ጽሑፍ፣ በትልልቁ፦ «ዛሬ ከምሳ በኋላ የነዋሪዎች ስብሰባ አለ። የምድር ቤት ቁልፍ ርክክብ ይደረጋል። ከየቤቱ አንድ ሰው እንዲገኝ።» ከሥሩ አንድ ሰው በእርሳስ «ጊዜው ነው» ብሎ ጽፏል። ዳሪና ዳቦ ልትገዛ ወርዳ አነበበችው፤ ስትመለስ አነበበችው፤ ቆሻሻ ልትጥል ወርዳ እንደገና አነበበችው። ቤታቸው ቆሻሻ አልነበረም።

እናቷ እሁድም ተረኛ ናት። ከምሳ በኋላ የሕንፃው በሮች አንድ በአንድ ሲከፈቱ፣ ሰዎች ወንበራቸውን ይዘው ወደ ታች ሲወርዱ፣ ዳሪና ከበሩ ጀርባ ቆማ አዳመጠች። አንድ ሰው ሳቀ። አንድ ሰው «ምስኪን» አለ። «ምስኪን» የምትለዋን ቃል መስማት አልቻለችም፤ በሩን ከፍታ ወጣች።

ሁለተኛ ፎቅ ስትደርስ የጋሽ ስፓስ በር ገርበብ ብሏል። እሳቸው ኮሪደሩ ላይ ሆነው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ለመቆለፍ ይታገላሉ። ያ የረቡዕ ሸሚዝ ነው። ቁልፉ ከቀዳዳው ይሸሻል፤ እጁ ይከተለዋል፤ ደግሞ ይሸሻል።

«ልርዳዎት?» አለች።

«ከአሥር ደቂቃ በኋላ ብትመጪ እኔው እጨርሰው ነበር» አሉ። ግን እጃቸውን አወረዱ። ቆለፈችላቸው። ከአንገታቸው በታች ያለው የመጨረሻው ሲደርስ የጫማ ክሯ እዚያ አልነበረችም፤ የምድር ቤቱን ቁልፍ አውልቀው ጠረጴዛው ላይ በንጹሕ መሐረብ ጠቅልለውታል።

«ለምን አልተናገሩም?» አለች ዳሪና። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

«ምኑን?»

«ቃጫውን አይተዋል።»

«አየሁ። አጠማጠምሽ ጥሩ ነበር። ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ነው የጠመጠምሽው፤ ስንት ሙያተኛ ይስተዋል።»

«ጋሽ ስፓስ፣ አይቀልዱ።»

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደገፉ። «ልጄ፣ አንቺ አሥራ አራት ዓመትሽ ነው። ሰው እንደ ሆነ ይረሳል ቢባልም፣ እዚህ ሕንፃ ላይ ማንም ምንም አይረሳም። እስክታገቢ ‹ጎርፏ› ይሉሻል። የኔ ስም አርጅቷል፤ ትንሽ ቢረጥብ አይሸበሸብም። ደግሞ ጥፋቱ የኔም አለበት። ያን መርከብ ማን ነገረሽ?»

«ውሸት ነበር እንዴ መርከቡ?»

«መርከቡ እውነት ነው። ቃጫው ነው ትንሽ የበዛው።» ፈገግ ሊሉ ሞከሩና ተዉት። «የዘጋነው በብረት ነው፤ ሰባት ሰው ሆነን፤ ሁለት ቀን ፈጅቶ። ያን ደግሞ ለሕፃን ማን ይተርካል? አንቺ እንደኔ ነሽ፤ ነገር ሲያንስብሽ ትጨምሪበታለሽ። እንግዲህ ወደ ቤትሽ ግቢ። ስብሰባው የልጅ አይደለም።»

መሐረቡን አነሱ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ውስጡ ያለው ቁልፍ ቅጭል ቅጭል አለ። በግራ እጃቸው ቀኙን ያዙት፤ ቅጭልታው ግን አላቆመም።

ዳሪና ወደ ላይ ያለውን ደረጃ አየች፤ ከዚያ ወደ ታች ያለውን። በሐሳቧ ውስጥ ወሬው ራሱን መሥራት ጀምሮ ነበር፤ አመሉ ነው፦ ቱቦው ጉድለት ነበረበት፤ እሷ የነካችው ሲንጠባጠብ አይታ ነው፤ ልትጠራቸው ሄዳ በራቸው ተዘግቶ ነበር። የሚያምር ወሬ ነበር። ማንንም አይጎዳም፤ እሷንም ጭምር። እንደ ቃጫ ዙሪያውን ይጠመጠማል። እዚያው ቆማ አንድ በአንድ ፈታችው። ከሥሩ የቀረው በጣም አጭር ነበር፤ ሦስት ቃል፦ ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። በማጠሩ እጅግ አስፈሪ ነበር።

«እኔ ልቅደም» አለች።

«የት?»

«ወደ ታች። እርስዎ ቀስ ብለው ይምጡ።»

ጋሽ ስፓስ ሊከለክሏት ብለው ፊቷን ሲያዩ፣ መሐረቡን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ዳሪና ሽማግሌ ቀድማ ደረጃ ስትወርድ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። የደረጃውን ብረት ያዘች። መግቢያው አዳራሽ ላይ፣ ከፖስታ ሣጥኖቹ ሥር፣ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸው ወደ እሷ ነው። ራዶ የእናቱን ወንበር ተደግፎ ቆሟል፤ ያያት እሱ ብቻ ነው። ራሱን ወዘወዘ።

እትዬ ዝላትካ መነጽራቸውን አድርገው ከደብተር ላይ የቤት ቁጥር ይጠራሉ።

«ዘጠኝ የራሴ ነው። አሥር።»

«አለን።»

«አሥራ አንድ ቁጥር።»

«አለሁ።»

«አሥራ ሁለት፣ የኢስክራ ቤት።» ቀና ሳይሉ እስክሪብቷቸውን አዘጋጁ። «ኢስክራ ሥራ ላይ ናት። ከአሥራ ሁለት ቁጥር ማንም የለም ብዬ ልለፈው።»

«አይለፉት» አለች ዳሪና ከደረጃው። ወንበሮቹ ሁሉ ተንቋቁ፤ ሰው ሁሉ ዞረ። «እኔ አለሁ።»